ከጋይንት እስከ መቅደላ፦ የአፄ ቴዎድሮስ አካልና ሐዘን

አፄ ቴዎድሮስ ቋራ ተወልደው፣ በበረሃ ሸፍተው፣ በ1847 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት እስኪሆኑም ሆነ ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በዘመቻና በድንኳን ያሳለፉ ሰው ናቸው። ከሁሉም የከበደው ግን የመጨረሻው ጉዞ ነበር። በ1860 ዓ.ም መስከረም ማብቂያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ አመሩ። መንገድ ስላልነበረ እየሠሩ ነው የተጓዙት። ጨጨሆን አልፈው፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል ተሻግረው ሲደርሱ መጋቢት ሆኗል።

ንጉሡ ቆመው አላዘዙም፤ ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ይፈልጡ፣ አፈር ይዝቁ ነበር። ዕድሜያቸው ወደ 50 ተጠግቶም አካላቸው አልከዳቸውም። በእንቅስቃሴ የኖረ ሰው ልቡና ሳንባው ይጠነክራል፤ የደም ግፊቱና ስኳሩም በቀላሉ አይዛባም። የጠዋት ብርሃን የሰውነትን ሰዓት አስተካክሎ የሌሊት እንቅልፍን ያመጣል። ፀሐይ ቆዳ ላይ ስታርፍ ደግሞ ለአጥንት የሚበጀው ቫይታሚን ዲ ይመረታል።

አእምሯቸውስ? በ1850 ዓ.ም የሚወዷቸው ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች ሞቱ። ቆየት ብሎ ወዳጃቸው ፕላውደን፣ ከዚያም ሊቀ መኳስ ዮሐንስ የሚባለው ጆን ቤል ተገደሉ። ደፍሮ የሚመክራቸው ሰው እየጠፋ፣ ቁጣቸው እየከፋ ሄደ። ለጉዞው ሲነሡ ደብረ ታቦርን ያቃጠሉት እርሳቸው ናቸው። ለሞተ ሰው የበሽታ ስም ማውጣት አይገባም። ነገር ግን ያ ሁሉ ወራት በጋይንትና በዋድላ ንጹሕ አየር ውስጥ መዋል ሐዘናቸውን አላነሣላቸውም። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው ሞቱ።

የእስቴና የስማዳ ገበሬ ቀኑን ሙሉ ደጅ ስለሚውል ውጣ ተብሎ አይመከርም፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው ባርኔጣ፣ ውኃና ዕረፍት ነው። ምክሩ ነፋስ መውጫ ወይም መካነ ኢየሱስ ከተማ ሱቅና ቢሮ ተቀምጦ ለሚውለው ነው። በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ፤ ቢቻል ጠዋት፣ ቢቻል ከሚያወሩት ሰው ጋር። ሐዘኑ ወይም ንዴቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ እንቅልፍና ምግብ ከነሣዎት ግን በእግር ጉዞ ብቻ አይመኩ፤ ጤና ጣቢያ ሄደው ይንገሩ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ አንድ ቀንም አይጠብቁ፣ ብቻዎንም አይሁኑ።