ኮንት ሲንዘንዶርፍና የሄርንሁት ጉባኤ

የሽማግሌዎች ጉባኤያችን በጸሎት ይከፈታል፤ በጸሎትም ይዘጋል። በሁለቱ ጸሎቶች መካከል ያለው ሰዓት የማን እንደ ሆነ ግን ብዙ ጊዜ ግልጽ አይደለም። ባንድ ወቅት ለቤተ ክርስቲያን ጣራ የሚሆን ቆርቆሮ ከማን ይገዛ የሚለውን ለመወሰን ከጧት እስከ ቀትር ተቀምጠን፥ ስንነሣ ሁለት ወንድሞች ሰላምታ ሳይሰጣጡ ሲለያዩ አይተናል። ቆርቆሮው ተገዛ፤ ጣራውም ተሠራ፤ ሁለቱ ሰዎች ግን አብረው ወደ ቅዱስ ቁርባን ለመቅረብ ዓመት ፈጀባቸው። ይህን ባሰብን ጊዜ የአንድ የጥንት ሰው ሕይወት ትዝ አለን፤ ለወንድሞችና ለእኅቶችም ልንተርከው ወደድን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኒኮላውስ ሉድዊግ ፎን ሲንዘንዶርፍ በ1700 በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ ተወለደ። ኮንት የሚባለው የመኳንንት ማዕረግ ስለ ነበረው ነው። በተወለደ በጥቂት ሳምንት አባቱ ሞተ፤ እርሱም እግዚአብሔርን በምትፈራ አያቱ ቤት አደገ። በ10 ዓመቱ በሃለ ከተማ ወደ ነበረው ወደ አውግስት ሄርማን ፍራንከ ትምህርት ቤት ተላከ፤ ከዚያም በዊተንበርግ ሕግ ተማረ። ልቡ የወንጌል ሰባኪ መሆንን ይሻ ነበር፤ ዘመዶቹ ግን ለመንግሥት ሥራ አጩት፤ በድሬስደንም የሕግ አማካሪ ሆነ። በ1722 የቤርተልስዶርፍን ርስት ከአያቱ ገዛ፤ በዚያው ዓመትም ኤርድሙተ ዶሮቴያን አገባ።

በዚያ ዓመት ስለ ሃይማኖታቸው ከሞራቪያ የተሰደዱ ሰዎች፥ አናጢው ክርስቲያን ዳዊት እየመራቸው፥ ወደ ርስቱ መጥተው ተጠጉ። የሠሩትንም መንደር ሄርንሁት ብለው ሰየሙት፤ ትርጓሜውም የጌታ ጥበቃ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የሞራቪያው ስደተኛ፥ ሉተራዊው፥ የካልቪን ወገን የሆነው፥ ሽቬንክፌልድን የሚከተለው ሁሉ ባንድ መንደር ተሰበሰበ። ሁሉም ጸሎተኛ፥ ሁሉም መጽሐፍ አንባቢ ነበረ፤ ነገር ግን ጠባቸው እስከዚህ ከፋ፤ ኮንቱ አውሬው ነው፥ የቤርተልስዶርፉ ቄስ ሮተም ሐሰተኛው ነቢይ ነው የሚል ሰው ከመካከላቸው ተነሣ።

ሲንዘንዶርፍ ባለ ርስት ነበረና አንድ ትእዛዝ ጽፎ ሁሉን ከመሬቱ ሊያስወጣ ይችል ነበር። እርሱ ግን በ1727 ከመንግሥት ሥራው ፈቃድ ወስዶ ወደ መንደሩ ገባ፤ ከቤት ወደ ቤት እየዞረም የእያንዳንዱን አቤቱታ ሰማ። ሜይ 12 ቀን ሕዝቡን ሰብስቦ ሦስት ሰዓት ያህል ተናገራቸው። በፊታቸው ያቀረበው ደንብ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው በመሬቱ ላይ የሚኖር ሁሉ ሊፈጽመው የሚገባ የመንደር ሕግ ሲሆን፥ ሁለተኛው ማንም ሳይገደድ በፈቃዱ የሚገባበት የወንድማማችነት ኪዳን ነበር። ይህን መለየቱ ትልቅ ማስተዋል ይመስለናል። በእኛ ጉባኤ እኮ ብዙ ጊዜ የቆርቆሮውን ዋጋ እንደ ሃይማኖት አንቀጽ አድርገን እንከራከርበታለን።

ያን ጊዜ 12 ሽማግሌዎች ተመረጡ፤ ከእነርሱም አራቱ በዕጣ የበላይ ሆኑ። ከአራቱ አንዱ አናጢው ክርስቲያን ዳዊት፥ ሌላውም ሸማኔው ሜልኪዮር ኒችማን ነበር። ባለ ርስቱ በመሬቱ ላይ የተጠጉትን የእጅ ሥራ ሰዎች የጉባኤው ሽማግሌዎች አድርጎ ተቀበላቸው። ኦገስት 13 ቀን በቤርተልስዶርፍ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ቁርባን በተቀበሉ ጊዜ ተጣልተው የነበሩት እያለቀሱ ታረቁ። በዚያ ወር መጨረሻም 24 ወንዶችና 24 ሴቶች የቀኑንና የሌሊቱን ሰዓት ተካፍለው መጸለይ ጀመሩ፤ ይህ ጸሎት ከመቶ ዓመት በላይ አልተቋረጠም። ታሪኩን የሚናገሩ ሰዎች ሁሉ የኦገስትን ቀን ይጠቅሳሉ፤ የሜይን ቀን የሚያነሣ ጥቂት ነው። መንፈሳዊው ደስታ የወረደው ግን ወንበር ስበው ተቀምጠው፥ ደንብ ጽፈው፥ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቃል ከገቡ በኋላ ነው።

በ1728 ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ቃል እየተመረጠ በየቤቱ መነገር ተጀመረ፤ ከ1731 ጀምሮም በመጽሐፍ ታትሞ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይወጣል። ሽማግሌዎቹ በጉባኤ ሲቀመጡ ያ ቃል በፊታቸው ነበረ፤ ምክር በጠፋ ጊዜም ማትያስ እንደ ተመረጠበት ያለ ዕጣ ያወጡ ነበር።

በ1731 በጃንዋሪ ወር ሲንዘንዶርፍ አንድ አሳብ አቀረበ። ሄርንሁት የራሱን ሥርዓት ትቶ ከሉተራዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር ፈጽሞ እንዲዋሐድ ፈለገ። የሞራቪያ ስደተኞች ግን አባቶቻቸው ደማቸውን ያፈሰሱበትን ሥርዓት አንተውም አሉ። ጉዳዩ ለዕጣ ተሰጠ፤ ዕጣውንም ያነሣው የኮንቱ ትንሽ ልጅ ነበር። ዕጣው የቀድሞው ሥርዓት እንዲጸና ወጣ። እኛ ሉተራውያን ነንና ምናልባት ሌላውን ዕጣ እንመኝ ነበር፤ ዳሩ ግን የምናደንቀው ዕጣውን አይደለም። መሬቱ የእርሱ፥ ገንዘቡ የእርሱ፥ አሳቡም የእርሱ ሆኖ ሳለ ተሸነፈ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም የተቃወመውን ውሳኔ እንደ ራሱ አሳብ አድርጎ አገለገለበት።

የወንጌል መልእክተኞችን መላክም በዚሁ ዓይነት ተወሰነ። ሸክላ ሠሪው ሌዮንሃርድ ዶበር በካሪቢያን ባሕር በቅዱስ ቶማስ ደሴት ላሉት ባሮች ሊሰብክ በፈለገ ጊዜ ጉባኤው ዓመት ያህል አስጠበቀው፤ እርሱም ታገሠ፥ በ1732ም ተላከ። በኋላ ደግሞ ሐኪሙ ሆከር በ1752 ወደ ግብፅ ተልኮ ወደ አገራችን የሚያደርስ መንገድ ፈለገ። ኋላም በቀይ ባሕር መርከቡ ተሰበረችበትና ሳይደርስ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ባንጽፍ ይቀለን ነበር። በ1741 በለንደን በተደረገ ጉባኤ ዶበር የበላይ ሽማግሌነቱን ለመተው ጠየቀ። የሚተካው ሰው ቢፈለግ አልተገኘም፤ በመጨረሻም ወንበሩን ለሰው ከመስጠት ይልቅ ክርስቶስ ራሱ ሽማግሌያችን ይሁን ብለው በአንድ ልብ ወሰኑ። ውሳኔው መልካም ነበር። ነገር ግን ሲንዘንዶርፍ ወደ አሜሪካ ሄዶ ሳለ ወንድሞች እርሱ የማይወደውን ነገር ወሰኑ፤ በ1743 ሲመለስም ተቆጣ፥ ባለ ሙሉ ሥልጣን አገልጋይ የሚል ስም ተሰጥቶት ሁሉን በእጁ ያዘ። ወንበሩ የክርስቶስ ነው ከተባለ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ አንድ ሰው ተቀመጠበት። በ1731 የተሸነፈው ሰው አሁን የሚያሸንፈው አጣ። ስለ ገንዘብም ደፍሮ የሚጠይቀው አልተገኘም፤ ቤት ይሠራል፥ ርስት ይገዛል፥ ብድር ይበደራል፥ ሒሳቡን ግን ማንም አይመረምርም። አንዳንዶችም የሒሳብ ነገር መንፈሳዊ አይደለም ብለው ያስቡ ነበር።

በ1753 በለንደን አበዳሪዎች ገንዘባቸውን በአንድነት ጠየቁ፤ ከወንድሞችም መካከል ወደ ወኅኒ ሊገቡ የተቃረቡ ነበሩ። ሲንዘንዶርፍ በዚያ ጊዜ አልሸሸም፤ ዕዳውን በራሱ ስም ተቀብሎ ዋስ ሆነ። ከዚያ በኋላ ኮበር የተባለ የሕግ ዐዋቂ መዝገቡን እየገለጠ ሒሳቡን ማስተካከል ጀመረ። የኮበር ስም በስብከት ሲነሣ ሰምተን አናውቅም፤ ቢነሣ ግን ይገባው ነበር።

ሲንዘንዶርፍ ሜይ 9 ቀን 1760 በሄርንሁት ዐረፈ። ወንድሞች በ1764 እንደ ገና በ1769 በሲኖዶስ ተሰብስበው፥ ከእንግዲህ ወዲህ ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ እንዳይሆን፥ ብዙዎች ባንድነት ተቀምጠው የሚወስኑበትን የሽማግሌዎች ጉባኤ አቆሙ። ሲንዘንዶርፍን እንደ አባት ይወደው የነበረው ሽፓንገንበርግም በዚያ ጉባኤ ከሌሎቹ እንደ አንዱ ሆኖ ተቀመጠ። የቀረውም ዕዳ በብዙ ዓመት፥ ጥቂት በጥቂት፥ ተከፈለ።