አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ማን ነበሩ?

በዚህ እትም የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ የማቅረብ ተራው የኔ ነው። ስለ ኳስ ተጫዋቹ ስለ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ እጽፋለሁ። ለምን እሳቸውን እንደመረጥኩ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት ጅማ ነው። ቀኑም መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ለት ነበር። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው ዘፈናቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ናቸው። የልጃቸው ልብ ግን ኳስ ላይ ነበር። አዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ ገና በልጅነታቸውም በ1928 ዓ.ም. ለተቋቋመው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን መጫወት ጀመሩ። ያኔ ከእኛ ብዙም አይበልጡም ነበር።

በዚያው ዓመት ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ጣሊያኖች ኳሱን ሳይቀር በቀለም ለያዩት። ነጭ ለብቻ፣ ጥቁር ለብቻ እንዲጫወት አደረጉ። አስቡት፣ በገዛ አገራችን እኮ ነው!

ጣሊያን ከተባረረ በኋላም አቶ ይድነቃቸው ኳስ አልተዉም። ለጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫውተው በ365 ጨዋታ 318 ጎል አግብተዋል። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ በአንድ ጨዋታ 0.87 ይመጣል። አንድ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ለብሔራዊ ቡድናችንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ያን ጊዜ ደሞ እንደ ዛሬው ኳስ ተጫውቶ ሀብታም መሆን የለም።

ከዚያ አሰልጣኝ ሆኑ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ አዲስ አበባ ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ ከግብፅ ጋር ተጋጠምን። ግብፅ ሁለቴ መራች፣ የኛዎቹ ሁለቴም አቻ አደረጉ። በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን። እስከ ዛሬ ያለን የአፍሪካ ዋንጫ ያ ብቻ ነው።

እኔን ግን ከጎሉም ከዋንጫውም በላይ የነካኝ ሌላ ነው። አቶ ይድነቃቸው በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። ያኔ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለች ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጪ ሆነች። እሳቸው ከ1964 ዓ.ም. እስከ ሞቱበት ድረስ የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ በዚህ ነገር አንድም ቀን አልለዘቡም። በ1968 ዓ.ም. ፊፋም ደቡብ አፍሪካን አባረረ። በልጅነታቸው በቀለም የተለየ ሜዳ አይተዋላ!

አቶ ይድነቃቸው ያረፉት ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በቡሄ ለት ነው። በ1988 ዓ.ም. ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት የደቡብ አፍሪካ ቡድን የአፍሪካ ዋንጫን ሲያነሳ እሳቸው አላዩም። የደከሙለት ነገር ግን ደረሰ።

አሁን ለምን እንደመረጥኳቸው ልንገራችሁ። እዚህ ፍላቂት ሜዳ ላይ ስንጫወት የከተማ ልጆች ለብቻችን ነበርን። ከገጠር የሚመጡትን፣ ኮንጎ ጫማ ያደረጉትን አናስገባም ነበር። ከከልካዮቹ አንዱ እኔ ነኝ። አንድ የክፍላችን ልጅ ሁልጊዜ ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ያየናል። ኳስ ሲወጣ ሮጦ ያቀብለናል። እኛ ተቀብለን ዝም ነው።

የስፖርት መምህራችን የአቶ ይድነቃቸውን ታሪክ ሲነግሩን ያ ልጅ ትዝ አለኝና አፈርኩ። አርብ ለት ግባ አልኩት። እምቢ ብሎ ደብተሩን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። እውነቱን ነው። ሰኞ ግን ራሱ መጣ። አንዳንድ ጓደኞቼ አኩርፈው ወጡ፣ እኛ ተጫወትን። በተቃራኒ ቡድን ሆኖ ሁለት ጎል አገባብን። ተሸነፍን፣ ግን ደስ ብሎኛል።

ውድ አንባቢያን፣ እናንተስ ሜዳ ዳር ያስቀመጣችሁት ልጅ የለም? ካለ ነገ ጥሩት። እምቢ ቢል ደሞ ጠብቁት።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!

ከ7ኛ ለ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል