ሄርማን ሄልምሆልትዝ፦ ድምፅን የለካው ሐኪም

ሙዚቃ የሰውን ልብ በምን ኃይል እንደሚያውክና እንደሚያረጋጋ ፈላስፎች ለብዙ ዘመን ተከራክረውበታል። ጥያቄውን ከክርክር አውጥተው በመለኪያ መሣሪያ ሊመረምሩት ከተነሡት ሊቃውንት መካከል ጀርመናዊው ሄርማን ሄልምሆልትዝ የላቀ ስፍራ አለው። የዚህ ሰው ታሪክ ልኬት የቱን ያህል ርቆ እንደሚያደርስና ከየት ላይ እንደሚቆም የሚያስረዳ ስለ ሆነ፣ በቁጥር ለሚሠራ ባለሙያ ሁሉ ትምህርት ሰጪ ነው።

ሄልምሆልትዝ በ1821 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፖትስዳም ከተማ ተወለደ። አባቱ በመምህርነት ደመወዝ የሚተዳደር ስለ ነበር ልጁ የተመኘውን የፊዚክስ ትምህርት ሊያስተምረው አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ወጣቱ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ በሐኪምነት ለማገልገል ግዴታ ገብቶ በርሊን ውስጥ በመንግሥት ወጪ ሕክምና ተማረ። ወደ በርሊን ሲሄድ ፒያኖውን ይዞ ሄዷል፤ ሙዚቃንም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለየም።

ገና የሠራዊቱ ሐኪም ሳለ፣ በ1847 ኤነርጂ መልኩን ይለውጣል እንጂ እንደማይጠፋ የሚያስረዳውን ዝነኛ ጽሑፉን አቀረበ። ከዚያም በኮኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር በእንቁራሪት ነርቭ ውስጥ መልእክት የሚተላለፍበትን ፍጥነት ለካ። በ1851 ደግሞ የዓይንን ውስጠኛ ክፍል ማየት የሚያስችለውን መሣሪያ ይፋ አደረገ። ዓይንንና ነርቭን የመረመረ ሰው ቀጥሎ ወደ ጆሮ ማምራቱ የሚያስደንቅ አልነበረም።

ሄልምሆልትዝ ከብርጭቆና ከናስ ክብ ዕቃዎች አሠርቶ፣ የእያንዳንዱን ጠባብ አፍ ከጆሮው ጋር በሰም እያጋጠመ የሙዚቃ ድምፅን መረመረ። እያንዳንዱ ዕቃ ለአንድ ቃና ብቻ ምላሽ ስለሚሰጥ፣ አንድ የሚመስለው የክር ወይም የሰው ድምፅ በእርግጥ የብዙ ቃናዎች ድምር መሆኑ ተገለጠ። የአንዱ መሣሪያ ድምፅ ከሌላው የሚለየውም በዋናነት የእነዚህ አጃቢ ቃናዎች ጥንካሬ ስለሚለያይ መሆኑን አስረዳ።

ከዚህም ሁለት ቃናዎች አንዴ የሚስማሙበት፣ አንዴ የሚጋጩበት ምክንያት ተገኘ። በሰከንድ 400 እና 404 ጊዜ የሚንቀጠቀጡ ሁለት ድምፆች አብረው ሲሰሙ፣ ድምፁ በሰከንድ 4 ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ወደ 30 ገደማ ሲደርስ መርገብገቡ ጆሮን የሚጎረብጥ ሻካራነት ይሆናል። በ200 እና በ300 የሚንቀጠቀጡት ግን 600 ላይ አጃቢ ቃናቸው ስለሚገጥም ሰምረው ይሰማሉ።

ይህን ምርምር ሲያካሂድ በነበረበት ጊዜ፣ በ1859 ባለቤቱ ኦልጋ ሁለት ልጆች ትታ ሞተችበት። በ1863 የቃና ስሜትን የሚመለከተው ታላቅ መጽሐፉ ታተመ።

የመጽሐፉ ታላቅነት ግን ልኬቱ ብቻ አይደለም። ሄልምሆልትዝ በመጨረሻው ክፍል ሻካራነትና ልስላሴ የጆሮ ጉዳይ መሆናቸውን፣ ከሻካራው ምን ያህሉ እንደሚወደድ ግን የሚወስነው የየሕዝቡና የየዘመኑ ልማድ መሆኑን በግልጽ አስቀመጠ። ለዚህም የግሪክን፣ የዓረብንና የቻይናን ቅኝቶች በማስረጃነት አቀረበ። ከትዝታ እስከ አንቺሆዬ በራሱ ቅኝቶች ላደገ ኢትዮጵያዊ አድማጭ ይህ ፍርድ እንግዳ አይሆንበትም።

ስለ ስሜት ሲናገርም ጥንቃቄ አልተለየውም። ዜማ ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የሰው መንፈስም በደስታና በኀዘን ጊዜ እንዲሁ ይንቀሳቀሳል። ስለሆነም ሙዚቃ ኀዘኑ የማን እንደ ሆነና ከምን እንደ መጣ ባይነግረንም፣ የኀዘኑን አካሄድ ያሳየናል ሲል አስረዳ። ይህን በቀመር አረጋግጫለሁ ብሎ ግን አልተነሣም።

በ1871 የበርሊን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በኋላም በ1887 የተቋቋመው የጀርመን የልኬትና የፊዚክስ ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኖ አገለገለ። በመስከረም 1894 አረፈ።

ጆሮ እንደ ፒያኖ ክሮች በተናጠል የሚርገበገቡ ክፍሎች አሉት የሚለውን አሳቡን ኋላ ጌኦርግ ፎን ቤኬሺ አርሞታል፤ በውስጠኛው ጆሮ የሚጓዝ ማዕበል መኖሩን በማሳየቱም በ1961 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ይህ እርማት የሄልምሆልትዝን ክብር አልቀነሰውም። እርሱ የሠራው በመሣሪያ ሊፈተን የሚችለውን አሳብ ከማይፈተነው ለይቶ ማስቀመጥ ነበርና፣ የተሳሳተውም በሚታረምበት በኩል ሆነ። ዜማ የሰውን እንባ ለምን እንደሚያመጣ ግን ከእርሱ በኋላ የመጡትም ተመራማሪዎች ገና እየመረመሩት ይገኛሉ።