ዜማን በቁጥር የጻፉት የአየርላንድ መምህር

ፖልካ ከቦሄሚያ፣ ከዛሬዋ ቼክ ምድር፣ የተነሣ ጭፈራ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አየርላንድ ገብቶ በኬሪና በኮርክ ወሰን፣ በስሊቭ ሉክራ ገበሬዎች ዘንድ ሥር ሰደደ። የብዙዎቹ ዜማዎች ደራሲ አይታወቅም፤ ለትውልድ ካሻገሯቸው አንዱ ግን ፓድሪግ ኦኪፍ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1887 የተወለዱት ፓድሪግ በ1920 ከትምህርት ቤት መምህርነታቸው ተሰናበቱ። ከዚያ በኋላ ኮረብታውን እየወጡና እየወረዱ፣ ከቤት ቤት እየዞሩ የገበሬ ልጆችን ቫዮሊን አስተማሩ። በአምስቱ የኖታ መስመሮች መካከል ያሉትን አራት ክፍተቶች የቫዮሊኑ አራት አውታሮች አድርገው፣ በየክፍተቱ የጣት ቁጥር ጻፉ። ቁጥር የሚለይ ልጅ ሁሉ ሊከተለው የሚችል ብልሃት ነበር። ዴኒስ መርፊና እኅቱ ጁሊያ ክሊፈርድ ከእሳቸው የተማሩትን በሸክላ አስቀረጹ።

ፓድሪግ ሳያገቡ፣ ሀብትም ሳያፈሩ በ1963 ዐረፉ። እሳቸው ያልደረሷቸው ዜማዎች እንኳ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ።