የወይዘሪት ማርጋሬት ሄሊ የዕረፍት ወራት

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአስተማሪም ሐሳብ አብሮ የሚዘጋ የሚመስላቸው ሰዎች አይጠፉም። ዛሬ ታሪካቸውን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርብላቸው የቺካጎ አስተማሪዎች ማኅበር መሪ ወይዘሪት ማርጋሬት ሄሊ ግን በረዥሙ ትግላቸው ከባድ ከባዱን ነገር ያገኙት ትምህርት በተዘጋበት ወራት ነው። በአሜሪካ ጁላይና ኦገስት እንደኛ አገር የዝናብና የጭቃ ወራት ሳይሆኑ የፀሐይና የሙቀት ወራት ናቸው፤ ትምህርት የሚከፈተው ግን እንደኛው መስከረም ገደማ ነው። በዚህ ጽሑፍ ዘመኑንም ወሩንም የምናነሣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ወይዘሪት ሄሊ በ1861 ዓ.ም. በኢሊኖይ ግዛት በጆሊየት ከተማ ከአይርላንዳውያን ወገን ተወለዱ። የቤተ ሰባቸው ኑሮ ስለ ተጓደለ በ16 ዓመታቸው በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። ኋላም ወደ ቺካጎ ተሻግረው፣ ኮሎኔል ፍራንሲስ ፓርከር ይመሩት በነበረው የመምህራን ማሠልጠኛ ተምረው፣ ከብት በሚታረድበት ሠፈር በሚገኘው የሄንድሪክስ ትምህርት ቤት የስድስተኛ ክፍል አስተማሪ ሆኑ። በዚያም ዐሥራ ስድስት ዓመት ያህል ቆዩ። ተማሪዎቻቸው የሠራተኞችና ከባሕር ማዶ የመጡ የድኾች ልጆች ነበሩ።

የቺካጎ አስተማሪዎች ማኅበር በ1897 ዓ.ም. ሲቋቋም አባሎቹ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪዎች፣ አብዛኞቹም ሴቶች ነበሩ። ማኅበሩ ለምኖና ፊርማ አሰባስቦ ከፍተኛው ደመወዝ ቀስ በቀስ ወደ 1,000 ዶላር እንዲያድግ አስወሰነ። ይሁን እንጂ ጭማሪው ገና ሳይጠና የትምህርት ቦርዱ ገንዘብ የለኝም ብሎ ሻረው። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ሁለተኛ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር። ወይዘሪት ሄሊና ባልደረባቸው ወይዘሪት ካትሪን ጎጊን ግን ገንዘቡ ለምን እንደ ጠፋ ለማወቅ የግብሩን መዝገብ ከፈቱ። መዝገቡን ሲመረምሩ የከተማው ባቡር፣ የጋዝ፣ የኤሌክትሪክና የቴሌፎን ኩባንያዎች ከከተማው ያገኙት የሥራ ፈቃድ ብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ሲሆን ግብር እንደማይከፈልበት ተረዱ። ወይዘሪት ሄሊም በ1900 ዓ.ም. ከክፍላቸው ወጥተው ለዚሁ ጉዳይ ዋሉ። ነገሩ በፍርድ ቤት ተከራክሮ በ1901 ዓ.ም. የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለአስተማሪዎቹ ፈረደ፤ ኩባንያዎቹም ወደ 600,000 ዶላር የሚጠጋ ግብር ከፈሉ። ቦርዱ ድርሻውን ሲቀበል ለደመወዙ ጭማሪ ሳይሆን ለድንጋይ ከሰልና ለሕንፃ ጥገና መደበው! አስተማሪዎቹም እንደገና ከሰሱ፤ በ1904 ዓ.ም. ዳኛ ኤድዋርድ ደን ፈረዱላቸው።

የግብሩ ክርክር ገና በፍርድ ቤት ሳለ፣ በጁላይ 1901 ዓ.ም. ብሔራዊው የትምህርት ማኅበር በዲትሮይት ከተማ ተሰብስቦ ነበር። ማኅበሩን የሚመሩት የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶችና የትምህርት ሹማምንት ሲሆኑ፣ የክፍል አስተማሪ ግን መዋጮ ከፍሎ ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር። ሀብታሞች ለትምህርት ስለሚሰጡት ስጦታ ሲነገር ወይዘሪት ሄሊ ከአዳራሹ መካከል ተነሥተው፣ ኩባንያዎች ስጦታውን ትተው በሕግ የተጣለባቸውን ግብር ቢከፍሉ እንደሚሻል ተናገሩ። የአገሩ የትምህርት ኮሚሽነር ዶክተር ዊሊያም ሃሪስም ይህች አስተማሪ የዓመቱ ሥራ ያደከማትና ነርቭዋ የተነካ ስለሆነች ንግግርዋ ከቁም ነገር አይቆጠርም፤ እንዲህ ያለውንም ስብሰባ በዚህ ወራት ማድረግ ስሕተት ነው አሉ። ይህንን ራሳቸው ወይዘሪት ሄሊ በታሪካቸው ተርከውታል። ዶክተር ሃሪስ የተማሩ ሰው መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን አስተማሪ ከዕረፍት ወር በቀር በምን ጊዜ ዲትሮይት ድረስ ሄዶ ሊናገር ይችላል ብለን መጠየቃችን አልቀረም።

በ1904 ዓ.ም. የዕረፍት ጊዜ ወይዘሪት ሄሊ በሴንት ሉዊስ ለዚሁ ማኅበር ሲናገሩ ከአዳራሹ መካከል ሳይሆን ከመድረኩ ላይ ነበሩ። የደመወዙን ማነስ፣ የሥራ ዋስትናና የጡረታ አለመኖርን፣ የክፍሎችን መጨናነቅ ገለጡ። ከሁሉም ይልቅ አጥብቀው የተናገሩት፣ አስተማሪው ከላይ የታዘዘውን ብቻ የሚፈጽም የፋብሪካ ሠራተኛ መደረጉን ነው። ቀደም ብሎ በ1902 ዓ.ም. ማኅበራቸውን ከቺካጎ የሠራተኞች ማኅበር ጋር አስተባብረው ነበር። ሴቶች ድምፅ መስጠት በማይችሉበት ከተማ ድምፅ ያላቸውን ወዳጆች መፈለጋቸው ነበርና ብልኅነታቸውን እናደንቃለን።

ከሠራተኞች ጋር መተባበራቸው ግን ዋጋ አስከፈላቸው። ለአዲሱ የትምህርት ዘመን በር ላይ፣ በሴፕቴምበር 1 ቀን 1915 ዓ.ም. ቦርዱ አስተማሪዎች ከሠራተኞች ማኅበር ጋር የተሳሰረ ድርጅት አባል እንዳይሆኑ ከለከለ። በጃንዋሪ 1916 ዓ.ም. ወይዘሪት ጎጊን በመኪና አደጋ ሞቱ። ቦርዱ የአስተማሪዎችን ቅጥር በየዓመቱ ያድስ ስለነበረ፣ በዚያው ዓመት ጁን ላይ 68 አስተማሪዎችን ሳያድስላቸው ቀረ። ከነዚህ ብዙዎቹ የማኅበሩ አባሎች ነበሩ፤ በሥራቸው የተመሰገኑም ነበሩባቸው። እነዚህ ሰዎች ያን የዕረፍት ወራት እንዴት እንዳሳለፉት ደመወዝ ተቋርጦበት የሚያውቅ አንባቢ ሊገምተው ይችላል። በ1917 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለቦርዱ ፈረደ። ወይዘሪት ሄሊም የተባረሩት እንዲመለሱ ሲሉ ማኅበራቸውን ከሠራተኞቹ ማኅበር አስወጡ፤ ከአንድ ዓመት በፊት ሲቋቋም አንደኛ ቅርንጫፉ ከሆኑለት ከአሜሪካ አስተማሪዎች ፌዴሬሽንም ለቀቁ። ይህን ሽንፈት የሚሉት አሉ፤ ሽንፈትም ነው። ሆኖም የተባረሩት ተመለሱ፤ በዚያው ዓመት የወጣው ሕግም የሙከራ ጊዜውን ለፈጸመ አስተማሪ የሥራ ዋስትና ሰጠ።

የኢኮኖሚው ቀውስ በመጣ ጊዜ የቺካጎ አስተማሪዎች ለብዙ ወራት ደመወዝ ሳያገኙ አስተማሩ። በ1933 ዓ.ም. ቦርዱ ብዙ ትምህርቶችን አጥፎ ከአንድ ሺሕ የሚበልጡ አስተማሪዎችን ለማሰናበት ሲወስን ወሩ እንደገና ጁላይ ነበር። በ1937 ዓ.ም. ሌሎቹ ማኅበሮች ተባብረው አንድ ሲሆኑ ወይዘሪት ሄሊ የራሳቸውን ማኅበር ይዘው ለብቻቸው ቀሩ፤ ስለ አንድነት ያን ያህል የተናገሩት ሰው በዚህ ግትር መሆናቸውን ልንደግፍላቸው አንችልም። በጃንዋሪ 1939 ዓ.ም. በ77 ዓመታቸው ዐረፉ። የሕይወት ታሪካቸው መጽሐፍ ሆኖ የታተመው ከሞቱ ከ43 ዓመት በኋላ፣ በ1982 ዓ.ም. ነው።