ሴኮንድ ቆጣሪዋ ልጅ

በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ግዛት ናንተኬት የምትባል ደሴት አለች። ሕዝቧ በጥንት ጊዜ ኑሮውን የመሠረተው ዓሣ ነባሪ በማደን ነበር። በውቅያኖስ ላይ ለብዙ ወራት የሚንከራተተውን መርከበኛ ሰዓትና ከዋክብት መንገድ ይመሩት ስለ ነበር፣ በዚያች ደሴት ሰማይን መመርመር የእንጀራ ጉዳይ ነበር። ዛሬ ታሪኳን የምናነሣላት የፈለክ ተመራማሪ ማራያ ሚቸል በ1818 ዓ.ም. የተወለደችው እዚያ ነው። (የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አባቷ ዊልያም ሚቸል የልጆች መምህር ሲሆኑ፣ የመርከብ ሰዓቶችንም ከከዋክብት ጋር እያመሳከሩ ያርሙ ነበር። በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1831 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ በሆነ ጊዜ፣ በዚያ ብርድ የሳሎኑን መስኮት አስነቅለው ቴሌስኮፓቸውን በፊቱ ተከሉ። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ማራያም ከጎናቸው ሆና ሴኮንድ ትቆጥር ነበር። ይህ ግን የልጅ ማጫወቻ አልነበረም። ግርዶሹ በደሴቲቱ የታየበት ሰዓት በስሌት ከተገኘው ሰዓት ጋር ሲተያይ፣ ቤታቸው በምድር ላይ ያለበትን ኬንትሮስ ያስታውቃል። ምድር በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ስለምትዞር፣ በናንተኬት የአንድ ሴኮንድ ስሕተት ቦታውን ከ300 ሜትር በላይ ሊያዛባ ይችላል። እንግዲህ ልጅቱ ብትዘናጋ የአባትየው ድካም ሁሉ ከንቱ በሆነ ነበር። እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን፣ ይህን የሚያህል ኃላፊነት በሕፃን ላይ ለመጣል መድፈራቸው ነው።

ማራያ በ1836 ዓ.ም. የደሴቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነች። በሥራዋም ወደ ሃያ ዓመት ቆየች። ቀን መጻሕፍቱን ታነባለች፤ ሌሊት አባቷ በሚሠሩበት ባንክ ጣሪያ ላይ ትወጣለች። በኦክቶበር 1 ቀን 1847 ዓ.ም. ማታ እንግዶች ቤቱን ሞልተውት ሳለ፣ እርሷ ወደ ጣሪያው ሾልካ ወጣች። ከሰሜን ኮከብ በላይ ቀድሞ ያልነበረ ደብዛዛ ነገር አየች፤ ጅራታም ኮከብ ነበር። በሮማ ዴ ቪኮ የተባሉት ሊቅ ያንኑ ኮከብ ያዩት ከሁለት ቀን በኋላ ስለ ሆነ፣ የዴንማርክ ንጉሥ የወርቅ ሜዳይ ለእርሷ ተሰጠ።

ዩኒቨርሲቲ ያልገባችው ይህች ሴት በ1865 ዓ.ም. አዲስ በተከፈተው የቫሳር የሴቶች ኮሌጅ የፈለክ ጥናት ፕሮፌሰር ሆነች። ደመወዟ ከወንዶቹ ፕሮፌሰሮች ያነሰ መሆኑን ባወቀች ጊዜም ዝም አላለችም። ነጥብ መስጠትን አጥብቃ ትጠላ ነበር፤ በዚህ እንኳ ከእርሷ ጋር ሙሉ በሙሉ መስማማት ይቸግረናል። ለተማሪዎቿ ግን አባቷ ያደረጉላትን አደረገች። ልጃገረዶቹን በሌሊት ወደ ቴሌስኮፑ ታወጣቸዋለች፤ እያንዳንዷም በገዛ ዓይኗ አይታ በገዛ እጇ ትለካለች። በ1869 ዓ.ም. ግርዶሽ ለመመልከት እስከ አዮዋ፣ በ1878 ዓ.ም. ደግሞ እስከ ዴንቨር ድረስ ይዛቸው ሄዳለች።

በ1888 ዓ.ም. ጡረታ ስትወጣ ወንበሯን የተረከበችው ሜሪ ዊትኒ፣ ኮሌጁ ሲከፈት ከተቀበለቻቸው ተማሪዎች አንዷ ነበረች። ማራያ ሚቸል በማግሥቱ ዓመት፣ በጁን 28 ቀን 1889 ዓ.ም. ዐረፈች።