ዶክተር ፍሬድ አልቢ፤ አጥንትን በአጥንት ላይ የተከሉ ሐኪም

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ ከአቃቂ ቃሊቲ መንደሮች አንዱ ወላጅ ጀርባው እየጎበጠ የሄደ ሕፃን ይዞ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቢመጣ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚሻው የልጁ ጀርባ ይቀና እንደሆነ ነው። ሐኪሙ የሚሰጠው መልስ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ታሪክ አለው። በዚህ ታሪክ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣው መካከል አሜሪካዊው ዶክተር ፍሬድ አልቢ ይገኛሉ።

ዶክተር አልቢ እ.ኤ.አ. በ1876 በሜይን ግዛት ተወልደው በእርሻ ላይ አደጉ። በልጅነታቸው አያታቸው የፍራፍሬ ዛፎችን ሲያዳቅሉ እየተመለከቱ፣ ቅርንጫፍ ከባዕድ ግንድ ጋር የሚዋሐደው ሕያው ክፍል ከሕያው ክፍል ጋር በትክክል ሲገጥም መሆኑን ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1903 ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቀው በኒውዮርክ ሥራ ሲጀምሩም ይህ ትምህርት አልተለያቸውም።

በዚያን ዘመን የአከርካሪ ቲቢ መድኃኒት አልነበረውም። ሕፃናት በጀሶና በብረት ድጋፍ ታስረው ለረጅም ጊዜ ይተኙ ነበር፤ ብዙዎቹም ጎብጠው ይቀሩ ነበር። አልቢ እ.ኤ.አ. በ1911 ከሕመምተኛው ቅልጥም የአጥንት ዘንግ ቆርጠው፣ የታመሙትን አከርካሪዎች የኋላ ጉጦች ሰንጥቀው በመካከላቸው ተከሉት። በዚያው ዓመትና በዚያው ከተማ ዶክተር ራስል ሂብስ የአከርካሪዎቹን የራሳቸውን አጥንት ፈልጠው እርስ በርስ አያያዙ። ዛሬ የተጣመመ ጀርባ የሚያቀና ሐኪም ሁሉ የሁለቱ ወራሽ ነው።

አልቢ የተተከለው አጥንት ልክ እንዲገጥም በኤሌክትሪክ የሚሠራ መንታ መጋዝ አዘጋጁ፤ እ.ኤ.አ. በ1915ም ስለ አጥንት ተከላ ሰፊ መጽሐፍ አሳተሙ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቁስለኞች ሆስፒታል አገለገሉ፤ ከዚያም በኒው ጀርዚ የአካል ጉዳተኞችን ወደ ሥራ የሚመልሰውን ኮሚሽን መሩ።

ይሁን እንጂ ዘዴያቸው ጉድለት ነበረው። ከኋላ የተተከለው አጥንት ከፊት ያለውን መግል አያስወግድም፤ አጥንት የተወሰደበት እግርም ሊሰበር ይችል ነበር። አልቢ እ.ኤ.አ. በ1945 በ68 ዓመታቸው ሲያርፉ ስትሬፕቶማይሲን ገና ወደ ሰፊ አገልግሎት አልገባም ነበር። ከዚያ በኋላ በሆንግ ኮንግ እነ ሆጅሰን በፊት በኩል ገብተው የታመመውን አጥንት ማውጣትና በቦታው መትከል ጀመሩ። የቅልጥሙንም ቦታ የዳሌ ስፖንጃማ አጥንት ወሰደው።

እ.ኤ.አ. በ1965 ዶክተር ማርሻል ዩሪስት ማዕድኑ የወጣለት አጥንት በጡንቻ ውስጥ እንኳ አዲስ አጥንት እንደሚያበቅል አሳዩ። ከዚህ ግኝት የተወለደው አጥንት አብቃይ ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ለወገብ አከርካሪ ተፈቀደ፤ በ2008 ግን በአንገት ላይ ሲውል አደገኛ እብጠት ሊያስከትል እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ወጣ። ዋጋውም እጅግ ውድ ነው።

የተጣመመ ጀርባ የሚያቀናው ብረት አደራ ጠባቂ ነው፤ አጥንቱ ካልተዋሐደ ውሎ አድሮ ይላላል ወይም ይሰበራል። ስለዚህ የውጭ ምንዛሪ የማይጠይቀው የሕመምተኛው የራሱ አጥንት በእኛ ቀዶ ሕክምና ክፍል ዛሬም የመጀመሪያው ምርጫ ሊሆን ይገባል። ከዚያም በፊት የሚቀድም ተግባር አለ፤ የአቃቂው ሕፃን ጀርባው ሳይጎብጥ ቲቢው ታውቆ መድኃኒት ቢጀመርለት፣ አልቢ ያልታደሉትን ፈውስ ያለ ቢላዋ ሊያገኝ ይችላል።